«የአዳማ መኪና ናት፣ ዝገት አታውቅም» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ስልኬ ሲጠራ ግማሹ ሰው የሚለኝ አንድ ነው። «መኪና አግኝቻለሁ። አልጋ ተገጥሞላታል፣ ምድጃም አላት። የአዳማ መኪና ናት፣ ዝገት አታውቅም። መጥተህ ሞተሯን ብቻ ስማልኝ።»

ሞተሯን ብቻ!

አዳማ ውስጥ ጋራዥ ከከፈትኩ ቆየሁ። አሁን አሁን ወንበሯ ተነቅሎ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጀሪካን የገባላት ሚኒባስ ትመጣልኛለች። ላንጋኖ ወይም አዋሽ ፓርክ ከነቤተሰብ ወርዶ መኪና ውስጥ ማደር ለሚወድ ሰው ደስ ትላለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰው ያገለገለ መኪና ሲያገኝ ያመልጠኛል ብሎ ሳያይ ቀብድ ይከፍላል። ያየ ሲመስለውም የሚያየው የተነገረውን ነው።

«ቦሎ አላት፣ ተመርምራለች።» ቦሎ የዚያን ቀን ፍሬኗ መያዙን፣ መብራቷ መብራቱን ይነግራችኋል። አልጋውን አንስቶ ሥሩን ያየ የለም።

«ኪሎሜትሯ ዝቅተኛ ነው።» ኪሎሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ እየታየ 80 ሺህ ነው ካሏችሁ ስቃችሁ ሂዱ።

«ጎማው ጥርስ አለው።» ጎማው ጎን ላይ ተከልሎ የተጻፈ አራት ቁጥር አለ። 2317 ከሆነ፣ በፈረንጆች 2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ዓመቱን ሙሉ ቆማ ለበዓል ነው የምትወጣው። ስለዚህ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። የአዳማን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ የፈለገውን ያህል ጥርስ ቢኖረው ቤተሰብ አይጫንበትም።

«ሞተሯን አሙቄ ጠበቅኩህ።» እንዲህ ያለ ደግ ሻጭ አትመኑ። የነዚህ ሚኒባሶች ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን አንሡና እጃችሁን አስጠጉ። ትኩስ ከሆነ ነገ ጠዋት፣ እሱ ሳይነሣ ሂዱ። በብርድ ስትነሣ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ዘይት ትበላለች።

አሁን ወደ ዋናው። «የአዳማ መኪና ዝገት አታውቅም።» እዚህ ላይ ታገሡኝ።

አዎ፣ አዳማ ደረቅ ናት። ግን መኪና ዛፍ አይደለችም፤ የተሸጠችበት ቦታ አልበቀለችም። እኛ ያለነው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ከአፋር ጨው የተመለሰችውም፣ አዲስ አበባ ላይ አሥር ክረምት የደበደባትም እዚሁ መጥታ «የአዳማ መኪና» ትባላለች።

ደግሞስ ዝገቱ ከውጭ ይጀምራል ያላችሁ ማን ነው? አልጋ የሚገጥመው ባለሙያ ጣሪያዋን ይበሳል። ለፖርቶመጋላው፣ ለአየር ማስገቢያው፣ ለሶላሩ። ቀዳዳውን በሲሊኮን ይደፍነዋል። ሲሊኮኑ በዚህ ፀሐይ ይደርቅና ይላቀቃል። ከዚያ ሐምሌ ይገባል። ውሃው አፍጥጦ ቢንጠባጠብ ጥሩ ነበር፤ ታዩት ነበር። እሱ ግን በላሜራውና በኮምፔንሳቶው መሀል ገብቶ፣ ስፖንጁን አጥግቦ እዚያው ይተኛል። ዝናብ ባይኖርም ውሃውን እናንተው ታመጡታላችሁ። አራት ሰው መስኮት ዘግቶ ሲያድር ትንፋሹ፣ የሚፈላው ሻይ፣ ራሱ ጋዙ ሲነድ የሚያወጣው እንፋሎት ሁሉ ሌሊት ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ውሃ ይሆናል።

አንድ ደንበኛ አለኝ፣ አስተማሪ ነው። ጥቅምት ላይ ገዛት። ለእኔ አላሳየኝም። «ሞተሯን የሚያውቅ ዘመድ አይቶልኛል» አለኝ። ጣሪያዋ አዲስ ሌዘር ለብሷል፣ ወለሏ ምንጣፍ ነው፣ ሳሎን በሏት። ሐምሌ ላይ ልጆቹን ይዞ ላንጋኖ አደረ። ሌሊት ትንሿ ልጁ ቀሰቀሰችው። «አባዬ፣ ረጥቤያለሁ።» የታወቀው ነገር መስሎት ተቆጣት። ሲነጋ የራሱም ትራስ ርሷል።

ጋራዥ ሲያመጣት የአልጋውን ጎን ፈታሁት። ኮምፔንሳቶው በእጄ እንደ ረጠበ ዳቦ ተቆረሰ። ከጀርባው ላሜራው ቡናማ ቅርፊት ሠርቷል። ካቻቪቴውን ከኋላ ጎማው በላይ ጫን ሳደርገው እጀታው ድረስ ገባ። ጎንበስ ብዬ ከታች ሳይ ጫፉ ጎማው ጋ ብቅ ብሏል። ሞተሯ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ሰዓት ነበር የምትሠራው።

ስለዚህ ሞተር ከመስማታችሁ በፊት አሽትቱ። መስኮቷ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ከዋለች በኋላ በሯን ክፈቱ፤ የመጀመሪያው ትንፋሽ ይነግራችኋል። ሻጋታ ከሸተተ በቃ። ሽቶ ከልክ በላይ ከተረጨም ያው ነው። ከዚያ ጣሪያውን፣ የመስኮቶቹን ጥግ፣ የአልጋውን ሥር በአውራ ጣት ተጫኑ። ደህና እንጨት አይሰረጉድም። የሾፌሩን ምንጣፍ ግለጡ። ከታች ግቡ። ሻንሲው ትናንት ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስኪዱት፤ ስቱኮ የተሞላ ቦታ አይዝላችሁም። መጨረሻ ላይ ጣሪያዋ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ ልቀቁ። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ።

«ካልሸተተ ጋዙ አይፈስም።» የማብሰያ ጋዝ የራሱ ሽታ የለውም፤ እንዲታወቅ ነው ሽታ የሚጨመርበት። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ወለል ለወለል ይተኛል። የቱቦውን ማሰሪያዎች የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ ይፈሳል። ወለሏ ላይ ጋዝ የሚወጣበት ቀዳዳ የሌላትን መኪና እኔ ልጆቼን አላሳድርባትም።

«ወረቀቱን ደላላው ይጨርሳል።» እሱ የሚጨርሰው ኮሚሽኑን ነው። ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ራሳችሁ አንድ በአንድ አስተያዩ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች የቀረጡ ጉዳይ ሳያልቅ ስም አይዞርላችሁም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እንዲህ ያለች ሚኒባስ ለማየት ከደንበኛ ጋር ሄድኩ፣ የውሃ ቱቦዬን ጠቅልዬ። ሻጩ አይቶኝ ሳቀ። «ምነው ማስተር፣ ልታጥባት ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ከላይ ብቻ» አልኩት።

መሰላሉን ጣሪያዋ ላይ ሳስደግፍ ሳቁ ቆመ። ደላላውን ወደ ጎን ጠርቶ አንሾካሾከ። ቧንቧውን ገና ሳልከፍት 50 ሺህ ብር ቀነሰ።