የግሬትፉል ዴድ ሱቅ፦ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው የያዙት የቲሸርት ንግድ

አሜሪካ የኖረ ሰው ከባንዱ አንድ ዘፈን ሳይሰማ እንኳ ድቦቹን ያውቃቸዋል። የመኪና የኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፉት፣ እግራቸውን አንስተው የሚሄዱት ባለ ቀለም ድቦች። የግሬትፉል ዴድ ናቸው። ባንዱ የተመሠረተው በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ወረድ ብሎ ነው። ጄሪ ጋርሲያ፣ ቦብ ዊር፣ ፊል ሌሽ፣ ቢል ክሮይትዝማን፣ ፒግፔን። እውነቱን ለመናገር ሙዚቃው ለሁሉም ጆሮ አይደለም፤ አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ንግዱ ነው።

አብዛኛው ባንድ ቲሸርቱን ራሱ አይሸጥም። ስሙንና አርማውን ለአንድ ድርጅት ይሰጣል፣ ቅድሚያ ገንዘብ ይቀበላል፣ ከዚያ ከሽያጩ ድርሻው ይታሰብለታል። ግሬትፉል ዴድ ግን ቀስ በቀስ ሁሉንም ወደ ራሱ ሰበሰበ። ለዚህ አንድ መራራ ምክንያት ነበረው። በ1970 ገደማ የባንዱ ሥራ አስኪያጅ የነበረው የከበሮ መቺው የሚኪ ሃርት አባት፣ ሌኒ ሃርት፣ ገንዘባቸውን ይዞ ጠፋ። ልጁ በሐፍረት ለጥቂት ዓመታት ከባንዱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ገንዘባቸውን በሌላ እጅ ማየት አልወደዱም። በ1973 የራሳቸውን የሙዚቃ አሳታሚ ከፈቱ፤ እሱስ አላዋጣም፣ በ1976 ተዘጋ።

አርማዎቹ የመጡት ለሽያጭ ታስበው አይደለም። ጽጌረዳ የደፋው አጽም የ1966 የኮንሰርት ፖስተር ላይ የወጣ ነው። አልተን ኬሊ እና ስታንሊ ማውስ ሥዕሉን ያገኙት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የኦማር ካያም ግጥሞች በታተሙበት አሮጌ መጽሐፍ ላይ ነው። በመብረቅ ለሁለት የተከፈለው ቀይና ሰማያዊ የራስ ቅል ደግሞ የዕቃ ምልክት ነበር። የድምፅ ባለሙያቸው ኦውስሊ ስታንሊ ብዙ ባንድ በሚጫወትበት ዝግጅት የማን ሣጥን የማን እንደሆነ መለየት አቃተው። አንድ ቀን በዝናብ ሲነዳ መንገድ ዳር ክብ ምልክት አየና ሐሳቡ መጣለት፤ ቦብ ቶማስ የሚባል ሠዓሊ የራስ ቅሉን ጨመረበት። መብረቁ 13 ጫፍ አለው። የጠረጠሩ ሰዎች ቆጥረው ነው የሚፈትኑት፣ ፎርጅድ ይሁን አይሁን። ድቦቹንም በ1973 የሳለው ይኸው ቶማስ ነው፣ የኦውስሊ ቅጽል ስም «ድብ» ስለነበር። ሰው ሁሉ «የሚጨፍሩት ድቦች» ይላቸዋል፤ ኦውስሊ ግን አይጨፍሩም፣ በሰልፍ እየሄዱ ነው ይል ነበር።

የንግዱ ትልቁ ሀብት ግን የአድራሻ ዝርዝር ነበር። በ1971 የወጣው አልበም ውስጥ አድናቂዎች ስማቸውንና አድራሻቸውን እንዲልኩ የሚጠይቅ አጭር ማስታወሻ ተጻፈ። ደብዳቤው ጎረፈ። በ1983 ባንዱ ትኬት በፖስታ ራሱ መሸጥ ሲጀምር የሚያነጋግረው ሕዝብ ዝግጁ ነበር። ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር፦ በትንሽ ካርድ ላይ የተጻፈ ጥያቄ፣ ማኒ ኦርደር፣ የመመለሻ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ። አድናቂዎቹ ከብዙ ሺህ ፖስታ መሃል የነሱው ፖስታ ዓይን እንዲገባ ብለው በቀለም ያስጌጡት ጀመር። ለሙዚቃውም ቢሆን እጃቸው ሰፊ ነበር፤ ኮንሰርቱን መቅዳትና መለዋወጥ ይቻል ነበር፣ መሸጥ ግን አይቻልም ነበር። በ1984 ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ሳይቀር ሰጧቸው።

ከአዳራሹ ውጪ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ ሌላ ገበያ ደርቶ ነበር። አይብ በዳቦ ጠብሶ የሚሸጥ፣ ቋጥሮ በቀለም የነከረውን ቲሸርት የሚዘረጋ፣ በዚያችው ትርፍ ቤንዚን ቀድቶ ወደሚቀጥለው ከተማ ባንዱን የሚከተል። ብዙው አርማውን ያለ ፈቃድ ነው የሚያትመው። ባንዱ ለዓመታት አይቶ እንዳላየ አለፈው። በ1987 ዘፈናቸው አሜሪካ ውስጥ ከአሥሮቹ ተርታ ሲገባ ግን ትኬት የሌለው ሰው ሁሉ ለገበያው ብቻ መምጣት ጀመረ፣ ከተሞቹ አማረሩ፣ በ1989 ሽያጩም ድንኳኑም ተከለከለ። ያኔም ቢሆን ሁሉንም ፍርድ ቤት አልጎተቱም፤ ጎበዝ የሆኑትን የፓርኪንግ ነጋዴዎች ፈቃድ ሰጥተው የራሳቸው አቅራቢ አደረጓቸው። ብልህ ውሳኔ ነበር ባይ ነኝ። ከሌባው ጋር ከመሯሯጥ ኪራዩን መቀበል።

የሊቱዌኒያው ታሪክ ሳይነሳ አይታለፍም። አገሪቱ በ1990 ነፃነቷን አውጃ ለ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ የቅርጫት ኳስ ቡድኗ ገንዘብ አጣ። ኮከቡ ሻሩናስ ማርቹሊዮኒስ የሚጫወተው ከባንዱ ሰፈር ብዙም በማይርቀው የካሊፎርኒያ ቡድን፣ ጎልደን ስቴት ነበር። ባንዱ ገንዘብ ረዳ፤ ኳስ የሚሰነቅር አጽም የተሳለበት፣ በአገሪቱ ባንዲራ ቀለም የተነከረ ቲሸርትም ተላከ። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። አዎ፣ የኛው ቀለሞች፣ ቅደም ተከተሉ ተዘዋውሮ። ቡድኑ የቀድሞዋን ሶቪየት ቡድን 82 ለ 78 አሸንፎ ነሐስ ሲወስድ መድረክ ላይ የወጣው እሱን ለብሶ ነው።

ኦገስት 9 ቀን 1995 ጋርሲያ ሞተ። ባንዱ በዚያው ዓመት ተበተነ፣ የኮንሰርት ገቢ ቆመ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ። የቀረው ሱቁና የድሮ ካሴት የተከማቸበት መጋዘን ነበር። ከ1993 ጀምሮ ከዚያ መጋዘን እየተመረጡ የወጡት የኮንሰርት ቅጂዎች 36 ደረሱ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሊሠሩት የነበረው ትልቅ ማዕከል ከወረቀት አልወጣም። በ2005 ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይወርዱ የነበሩ ቅጂዎች ሲታገዱ አድናቂው ተቆጣ፤ ሌሽ ራሱ አላወቅሁም አለ፣ ታዳሚው የቀዳው ክፍልም ተመለሰ። በ2006 የመጋዘኑንና የሸቀጡን ሥራ ራይኖ ለተባለው የዋርነር ኩባንያ በፈቃድ ሰጡ። ራሳቸው ሱቅ ጠባቂ የሆኑበት ዘመን እዚያ ላይ አበቃ።

የድርጅቱ ወረቀት በ2008 ለሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ያጌጡት ፖስታዎችም አሉበት፤ አጽሙ፣ ጽጌረዳው፣ ድቦቹ፣ ሁሉም በአድናቂ እጅ የተሳሉ፣ አንዱም ፈቃድ ያልተጠየቀበት።