ለይቶ ማከም ምንድን ነው?

ለይቶ ማከም ማለት ተላላፊ በሽታ የያዘውን ሰው ከሌሎች ታካሚዎችና ከጠያቂዎች በሚያስፈልገው መጠን ለይቶ፣ ሕክምናውንና እንክብካቤውን ሳያጓድሉ መስጠት ነው። ገና ያልታመመን፣ ግን ለበሽታው የተጋለጠን ሰው ለክትትል ማቆየት ሌላ ነገር ነው።

መጠኑን የሚወስነው ከበሽታው አስፈሪነት ይልቅ መተላለፊያው ነው። ይህ ሲዘነጋ ታካሚ ይበደላል። ኤች አይ ቪ በትንፋሽም ሆነ በመጨባበጥ ስለማይተላለፍ፣ በእሱ ምክንያት ብቻ ማንንም ለብቻ ማስተኛት አያስፈልግም። የልጆች ሕመም ተብሎ የሚናቀው ኩፍኝ ግን ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓታት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ኩፍኝ ወይም የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው በሩ በሚዘጋና አየሩ ወደ ኮሪደር ሳይሆን ወደ ውጭ በሚወጣ ክፍል ይተኛል። ነርሷም ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ኤን 95 ጭንብል ታደርጋለች። ታካሚው ለራጅ ሲወጣ የሚያደርገው ግን ተራውን የሕክምና ጭንብል ነው፤ የእሱ ጭንብል ሥራ ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጣውን መያዝ ነውና። ለኢንፍሉዌንዛና ለትክትክ ነርሷም ተራውን ጭንብል ታደርጋለች። በንክኪ ለሚተላለፉት፣ ለምሳሌ ለእከክ፣ ጓንትና ጋውን ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ግን እጅ ነው። ጓንት መታጠብን አይተካም፤ ሊቀደድ ይችላል፣ ሲወልቅም እጅን ይበክላል። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። ብርቱ ተቅማጥ የሚያስከትለውን የክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ባክቴሪያው በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚቆይበትን መልክ፣ አልኮል ስለማይገድለው፣ እዚያ ሳሙናና ውኃ የግድ ነው። መከላከያ ልብስ በማውለቅ ጊዜም መቸኮል አደገኛ ነው፤ የተበከለው ገጽ ቆዳን የሚነካው ያን ጊዜ ነው። ጓንትና ጋውን ክፍሉ ውስጥ ይወልቃሉ፤ ኤን 95 ግን ከክፍሉ ወጥተው በሩን ከዘጉ በኋላ።

አሁን ብዙም የማይነገርለትን ላንሳ። ተለይቶ የተኛ ሰው ጠያቂ ብቻ ሳይሆን ባለሙያም ይቀንስበታል። ለእያንዳንዱ መግቢያ ጋውንና ጓንት መልበስ ስላለ፣ ሥራ የበዛበት ሰው ሳያስበው መግባቱን ያዘገያል። በዚህ መሃል ጎኑን የሚያገላብጠው ያጣ ታካሚ ይቆስላል፣ ፍርሃቱን የሚጠይቀው የሌለ ይጨነቃል። ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር የሚያዩ ሰዎች አይገቡኝም፤ የነርስ ሙያ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን፣ የሙቀት ልኬቱንና የአልጋ ማስተካከሉን በአንድ መግቢያ አቀናጅቶ መሥራት የጋውንም የጊዜም ብክነት ይቀንሳል፤ የተረፈውም ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ ለማውራት ይውላል።

ታካሚው ለምን እንደተለየና መቼ እንደሚያበቃም ሊነገረው ይገባል። ኩፍኝ ሽፍታው ከወጣበት ቀን በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቀን፣ የማኒንጎኮካል ማጅራት ገትር ደግሞ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ 24 ሰዓት ይፈልጋል። ጊዜው ሲሞላ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በዚያው ቀን ይነሳ።