የዳኝነት ሥልጣን ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ክስ ይዞ ሄዶ «ይህን ጉዳይ ለማየት ሥልጣን የለንም» ተብሎ የተመለሰ ሰው እንደተገፋ ይሰማዋል። እውነቱ፣ ሰነዱና ምስክሩ ሁሉ በእጁ ነው። ይህ ጥያቄ ግን ከእውነትና ከማስረጃ በፊት ይቀድማል። የዳኝነት ሥልጣን ማለት አንድ ፍርድ ቤት ይህን ሰው፣ በዚህ ነገር፣ በዚህ ቦታ አስገድዶ እንዲዳኝ ሕግ የሰጠው ኃይል ነው። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም የጉዳዩን ዓይነትና የገንዘቡን መጠን አይቶ ሕግ የሚሰጠው ሥልጣን፣ ሳይኖረው የሰጠው ፍርድ፣ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ በይግባኝ ይሻራል።

የጅማ ነጋዴ ለቦንጋ ነጋዴ ቡና በዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡ ቀረበት እንበል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መነሻው ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ መክሰስ ነው፤ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ይፈቀዳል። ክርክሩ የመሬት ወይም የቤት ቢሆን ኖሮ ንብረቱ ወዳለበት ይኬድ ነበር። እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ጅማ በኦሮሚያ፣ ቦንጋ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ናቸው፤ የሁለት ክልል ነዋሪዎች ክርክር ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ታዲያ ነጋዴው አዲስ አበባ ይመላለስ? የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርቦ ስለሰጠ፣ ገንዘቡ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሊያየው ከሚችለው መጠን ካላለፈ እዚሁ ጅማ ይታይለታል። ያው ዳኛ ጠዋት በክልሉ፣ ከሰዓት በፌዴራሉ ሥልጣን ሊዳኝ ይችላል። እኔ ይህን ድንጋጌ እወደዋለሁ፤ የመንገድ ወጪ የሌለውን ሰው መብቱን ጥሎ ከመቅረት ያድነዋል።

ጅማ ብዙ ሰው የሚያውቀው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ግን በሌላ መሠረት ላይ ቆሟል። የጋብቻ ወይም የውርስ ጉዳይ ቢቀርብለት ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ካልመጡ አያየውም።

የአገሮች ዳኝነት ይህን የፈቃድ መሠረት ይመስላል። 15 ዳኞች ያሉት የሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አንድን አገር ያለ ፈቃዱ መዳኘት አይችልም። ፈቃዱ አስቀድሞ በተፈረመ ውል ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1953 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን የከሰሱት በዚህ መንገድ ነበር፤ የዛሬዋን ናሚቢያ በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት ተቀብላ አፓርታይድን ዘርግታባት ነበርና የሞግዚትነቱን ሰነድ መሠረት አደረጉ። በ1955 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ 8 ለ7 ሥልጣን አለኝ አለ። ከዚያ ረጅም ክርክር ተካሄደ። ሐምሌ 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፍለው፣ በፕሬዝዳንቱ ወሳኝ ድምፅ፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ሥልጣን አለኝ ያለ ፍርድ ቤት፣ የሚጮህ ግፍ ፊቱ ቀርቦለት፣ ስለ ግፉ ሳይፈርድ ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ያው ፍርድ ቤት በ1963 ዓ.ም. በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ማለትም እንደ ፍርድ በማያስገድድ የሕግ አስተያየት፣ ደቡብ አፍሪካ በዚያ ምድር መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ብሏል፤ ናሚቢያ ነፃ የወጣችው ግን ከዚያ ወዲህ ከ18 ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ቡናው እንመለስ። ገዢው ጀርመናዊ ቢሆንስ? የጅማ ፍርድ ቤት ብይን ድንበር ተሻግሮ የማንንም ንብረት አያስይዝም። የውጭ ፍርድም እኛ ዘንድ እንዲሁ አይፈጸምም፦ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም፣ ተከሳሹ የመከራከር ዕድል ያገኘ፣ ፍርዱ የመጨረሻና ለሞራላችን የማይቃረን መሆን አለበት። የግልግል ውሳኔ፣ ማለትም ተከራካሪዎቹ በውላቸው የተስማሙበት ገላጋይ ዳኛ የሚሰጠው ውሳኔ፣ መንገዱ ይቀላል፤ ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን ስለማስፈጸም የወጣውን የኒውዮርክ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. ተቀብላለች። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሸጥ ሰው ውል ሲፈርም ከዋጋውና ከኪሎው እኩል «ክርክር ቢነሳ የሚታየው» የምትለዋን አንቀጽ አንብቦ፣ የተጻፈችው ከተማ የት እንዳለችና እዚያ መከራከር ስንት እንደሚያስወጣ ይጠይቅ።