ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት በክላውድ ዘርፍ፦ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

በክላውድ ኮምፒውቲንግ ዘርፍ ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት ሲባል፣ ሰርቨር፣ ማከማቻና ሶፍትዌር በኢንተርኔት የሚያከራዩ ኩባንያዎች ማንን እንደሚቀጥሩ፣ ማንን እንደሚያሠለጥኑና ምርታቸው ለማን እንደሚመች የሚመለከት ጉዳይ ነው። ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን ከሰሜን ሸዋ አንጻር ያየዋል። በኦሮሚያ ክልልም ፍቼን ማዕከል ያደረገ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ፤ እዚህ የምናነሳው ግን መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነውን፣ መንዝን፣ ተጉለትን፣ ቡልጋን፣ ይፋትን፣ ምንጃርንና መርሐቤቴን የያዘውን የአማራ ክልሉን ዞን ነው።

ኩባንያዎቹ ስለ ፍትሐዊነት ሲያወሩ የሚቆጥሩት የሠራተኞቻቸውን ስብጥር ነው። ቁጥሩ መታወቁ ጠቃሚ ነው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከመሐል ሜዳ ለሚያይ ሰው ግን ዋናው መገለል የሚደርሰው ገና ማመልከቻ ሳይጻፍ ነው። የመመዝገቢያ ገጹ፣ የዋጋ ዝርዝሩና የፈተናው ቋንቋ ከቅጥሩ ቀድመው ሰውን ይመልሳሉ።

ዘርፉ

ዛሬ የምናውቀው የክላውድ ገበያ የተጀመረው አማዞን በ2006 እ.ኤ.አ. ኤስ3 የተባለውን ማከማቻና ኢሲ2 የተባለውን የሰርቨር ኪራይ ለሕዝብ ሲከፍት ነው። ማይክሮሶፍት አዙርን በ2010 ለገበያ አቀረበ፤ ጉግልም በዚያው ዘመን ገባበት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩን ገዝቶ ከማስቀመጥ ይልቅ በሰዓት፣ አንዳንዴም በሰከንድ ተከራይቶ በተጠቀሙበት ልክ መክፈል። ትንሽ ካፒታል ይዞ ለሚነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል ይመጣል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

አፍሪካ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው ነበረች። የዘርፉ ምሰሶ የሆነው ኢሲ2 በዋናነት የተሠራው ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን በተቀመጠ ቡድን ነው። ሆኖም አማዞን በዚያችው ከተማ የራሱን የመረጃ ማዕከላት ለደንበኞች የከፈተው በ2020 ነው፤ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በ2019፣ ጉግል ደግሞ በ2024 ደቡብ አፍሪካ ገቡ። በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የተባለ አገልግሎት ያቀርባል፤ የግል የመረጃ ማዕከላትም በአዲስ አበባው አይሲቲ ፓርክ ተተክለዋል። የሰሜን ሸዋ ሰው ደግሞ ስሙን ሳይጠራው በክላውድ ሲጠቀም ይውላል፦ በቴሌግራም፣ በጉግል ድራይቭ፣ በቴሌብር፣ በባንክ መተግበሪያ። የሚጎድለው ተጠቃሚነቱ አይደለም፤ ሠሪነቱ ነው።

የሠራተኛው ስብጥርና የምርቱ አድልዎ

ጉግል የሠራተኞቹን ስብጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ ያደረገው በ2014 እ.ኤ.አ. ነበር። በቴክኒክ ሥራ ላይ ከነበሩት ውስጥ ሴቶች 17 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ በአሜሪካ ካሉት ሠራተኞቹ መካከል ጥቁሮች 2 በመቶ ነበሩ። ሌሎቹም ትልልቅ ኩባንያዎች ተከትለው የየራሳቸውን አወጡ፤ ሥዕሉ ያው ነበር። ከዚያ ወዲህ የቅጥር ግብ፣ የሥልጠና ፕሮግራምና ዓመታዊ ሪፖርት የተለመደ ሆነ።

ስብጥሩ ከፍትሕ ጥያቄነት አልፎ የምርት ጥራት ጥያቄ መሆኑን ያሳየው በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው የተመራማሪዎቹ የጆይ ቡኦላምዊኒና የትምኒት ገብሩ ጥናት ነው። በክላውድ በኩል ይሸጡ የነበሩ የማይክሮሶፍትና የአይቢኤም የፊት መለያ አገልግሎቶችን ጨምሮ የሦስት ኩባንያዎችን ምርት ፈተኑ። ጾታን በመለየት ረገድ ስሕተቱ ፈካ ያለ ቆዳ ላላቸው ወንዶች ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ለጠቆር ያሉ ሴቶች እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሮይተርስ፣ አማዞን ሲሞክረው የነበረ የቅጥር ማጣሪያ ሶፍትዌር የሴቶችን ማመልከቻ ዝቅ ያደርግ ስለነበር መተዉን ዘገበ። ሶፍትዌሩ የተማረው በአብዛኛው ወንዶች ባስገቡት የቀድሞ ማመልከቻ ነበርና ያንኑ ደገመው።

ትምኒት ገብሩም ሆነች አብራት ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን የጥቁር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው ረድኤት አበበ የተወለዱት አዲስ አበባ ነው። ከአገራችን የወጡ ሴቶች የዓለምን ግዙፍ ኩባንያዎች ጉድለት በቁጥር ማሳየታቸው፣ ደብረ ብርሃን ዶርም ውስጥ ኮድ ለምትጽፍ ልጅ ከማንኛውም የኩባንያ መፈክር በላይ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ግን ነፋሱ ዞሯል። የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚቃወሙ ትእዛዞች ሲያወጣ፣ አማዞን አንዳንድ ፕሮግራሞቹን ማጠፍ መጀመሩ ተሰማ፤ ጉግልም የቅጥር ግቦቹን ተወ። ውሳኔው ከእኛ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ለአፍሪካ የሚሰጥ የሥልጠናና የነጻ ትምህርት ዕድል ከዚያው ባጀት የሚመጣ ከሆነ፣ የሚቀንሰው ነገር እዚህም ሊደርስ ይችላል።

ካርዱ፣ ፈተናውና ፊደሉ

አንድ የደብረ ብርሃን ተመራቂ የራሷን ሰርቨር ልታስነሳ ፈለገች እንበል። ገጹን ትከፍታለች፤ ስሟን፣ ኢሜይሏንና በ251 የሚጀምረውን ስልኳን ትሞላለች። የመንገድ ስም ሲጠይቃት ቀበሌዋን ትጽፋለች። ቀጥሎ የካርድ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን ይመጣል፤ ሥራው እዚህ ላይ ይቆማል። ትልልቆቹ አቅራቢዎች ነጻ የተባለውን ሙከራ እንኳ በአብዛኛው ዓለም አቀፍ ካርድ ሳያዩ አይከፍቱም፤ በእጇ ያለው የኤቲኤም ካርድ ደግሞ አገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነው። ውጭ ዘመድ ያለው ያስከፍታል፤ የሌለው ይተወዋል። ይህ የችሎታ ልዩነት አይደለም፤ የዘመድ ልዩነት ነው። በብዝኃነት ሪፖርት ላይ ግን ቦታ የለውም፤ ሪፖርቱ የሚቆጥረው የተቀጠረውን እንጂ በምዝገባው የተመለሰውን አይደለምና።

ካርዱ ቢገኝ ቀጥሎ ዋጋው አለ። የአማዞን የመጀመሪያ ደረጃ የክላውድ ሰርተፍኬት ፈተና 100 ዶላር፣ ቀጣዩ ደረጃ 150 ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ያ 100 ዶላር ከአሥር ሺህ ብር በላይ ሆኗል፤ ከአንድ ጀማሪ ተመራቂ የወር ደመወዝ ጋር የሚገዳደር ገንዘብ ነው። ፈተናው በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛና በቻይንኛ ይሰጣል፤ በአማርኛ አይሰጥም። ቴክኒኩን አውቆ በእንግሊዝኛው ረጅም ጥያቄ የሚወድቅ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ የተሸሸገ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት ውስጥ ገብቷል፤ ያ ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ የላቲኑ ፊደል አንድ ባይት ብቻ። «ሰሜን ሸዋ» ብለን አምስት ፊደል ከነክፍተቱ ብንጽፍ 16 ባይት ይሆናል። ለማከማቻ ይህ ኢምንት ነው። በክላውድ የሚከራዩት የቋንቋ ሞዴሎች ላይ ግን ሒሳቡ የሚታሰበው ቶከን በሚባል የጽሑፍ ቁራጭ ነው፤ ቁርጥራጩ የተሰናዳው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ አማርኛው ወደ ብዙ ቁራጭ ይሰባበራል። ስለዚህ ለአርሶ አደር በአማርኛ የሚመልስ አገልግሎት ልሥራ ያለ የሸዋ ልጅ፣ ለተመሳሳይ ሐሳብ ከእንግሊዝኛ ተጠቃሚው አብልጦ ይከፍላል፤ መልሱም ይዘገይበታል። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ዋጋው ግን በየወሩ ይጠየቃል። በእኔ እይታ በዘርፉ ካሉት የፍትሐዊነት ጥያቄዎች ለአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የሚቀርብ የለም።

መሻሻልም አለ። ጉግል ትርጉም አማርኛን በ2016 እ.ኤ.አ. ጨመረ፤ በድምፅ መጻፍም ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ ይቻላል። ማየት ለተሳነው ወይም መጻፍ ለማይችል ሰው ይህ እውነተኛ አካታችነት ነው።

መስመሩ

ክላውድ ያለ ኔትወርክ ምንም አይደለም። በሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። መደበኛ መስመር ያለው ተቋም ሥራውን የሚቀጥልበት ዕድል ነበረው፤ በስልኩ ብቻ የሚማረውና የሚሠራው ግን ከነጭራሹ ወጣ። ከውጭ አሠሪ ጋር የተዋዋለ ወጣት አሠሪው መልእክት ሲልክ ካልመለሰ ምክንያቱን የሚያስረዳበት መንገድ እንኳ አልነበረውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሴቶች ይበልጥ ይጎዳሉ፤ ወንድሟ ዋይፋይ ፍለጋ ሆቴል አምሽቶ ሲመጣ እሷ በሰላሙ ጊዜም ያን ማድረግ አይፈቀድላትም።

ሕጉ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው አድልዎ እንዲካሱ የድጋፍ እርምጃን ይፈቅዳል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞችን በሥራ ስምሪት ከሚደርስባቸው መድልዎ ይጠብቃል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አድርጎታል። ሕጎቹ ጥሩ ናቸው። ችግሩ፣ ከቤቷ ሆና ለውጭ ኩባንያ በኮንትራት የምትሠራ ባለሙያን እነዚህ ድንጋጌዎች በተግባር አይደርሱላትም።

ዩኒቨርሲቲው

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በዞኑ ለዚህ ሙያ ዋናው መግቢያ ነው። የካርዱን እገዳ ማለፊያ ከሁሉ የሚቀርበው መንገድም በተቋሙ እጅ ነው፦ ማይክሮሶፍት በትምህርት ተቋም ኢሜይል ለተመዘገበ ተማሪ ካርድ ሳይጠይቅ የ100 ዶላር የአዙር አጠቃቀም ይሰጣል። አንድ ተማሪ በዚህ ገንዘብ ትንሽ ሰርቨር ለወራት ማንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ የሚሠራ የተቋም ኢሜይል ለእያንዳንዱ ተማሪ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ መስጠት እንደ መታወቂያ ካርዱ የማይታለፍ መሆን አለበት። የቤተ ሙከራ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ብዙ ተጠቃሚ ሲተኛ መስመሩ ስለሚፈጥን የተግባር ልምምድ ወደ ሌሊት ይገፋል፤ በሌሊት ከዶርም ወጥቶ መመለስ ደግሞ ለሴት ተማሪ ከባድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቀን ላይ ለልምምድ ብቻ የተለየ መስመርና ክፍል ቢመደብ፣ ከውጭ የሚጠበቅ ፈቃድም ሆነ ዶላር አያስፈልገውም።