የብሌድ ሰርቨር ቻሲስ ፓወር አያያዝና መጠባበቂያ

ብሌድ ሰርቨር (ከሌሎች ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ የሚሰካ ቀጭን ሰርቨር) የራሱ ፓወር ሰፕላይ የለውም፣ ፓወር የሚያገኘው ከተሰካበት ሳጥን ማለትም ከቻሲሱ ነው፣ ስለዚ ቻሲሱ ፓወር ካጣ ሁሉም ሰርቨር አብሮ ነው የሚወድቀው። በ2008 የወጣውን ዴል ኤም1000ኢ እንውሰድ፣ አሁን አርጅቷል ግን ብዙ ቦታ ገና እየሰራ ነው። 10 ዩ (የራክ ቁመት መለኪያ) ቁመት አለው፣ እስከ 16 ትንንሽ ብሌድ ይይዛል፣ ከኋላ በኩል ደግሞ 6 ፓወር ሰፕላይ ይገባበታል፣ የመጀመሪያዎቹ እያንዳንዳቸው 2360 ዋት ናቸው። ከ200 እስከ 240 ቮልት ስለሚፈልግ የኛ 220 ይስማማዋል።

6ቱን የሚያዛቸው ሲኤምሲ የሚባለው የቻሲሱ መቆጣጠሪያ ነው። ያለ መጠባበቂያ ማሰራት ይቻላል፣ ባይሞከር ይሻላል እንጂ። አንዱን ብቻ ለመጠባበቂያ መያዝም አለ፣ እሱ አንድ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ያድናል፣ የመብራት መስመር ሲቋረጥ ግን ዋጋ የለውም። ጠንከር ያለው ግሪድ ሪደንዳንሲ ነው፣ ከ1 እስከ 3 ያሉት አንድ መስመር ላይ፣ ከ4 እስከ 6 ያሉት ሌላ መስመር ላይ ይሰኩና አንዱ ሲሄድ ሌላው ሙሉውን ይሸከማል። በዚህኛው 6 አለኝ ብሎ 14160 ዋት መቁጠር የለም፣ ያለው የ3ቱ 7080 ነው። ብሌድ ሲበራ መጀመሪያ ሲኤምሲን ፓወር ይጠይቃል፣ በጀቱ ካለቀ ላይበራ ይችላል፣ ለዚ ነው ከ1 እስከ 9 ቅድሚያ የሚሰጠው፣ ዳታቤዙን 1 አድርጎ የቴስት ማሽኑን 9 ላይ መጣል ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ከቻሲሱ ውጪ ነው። ሁለቱም መስመር ዞሮ ዞሮ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሳሪያ) ላይ ከገባ ሲኤምሲ ይሄን ማወቂያ የለውም፣ ስክሪኑ ላይ ሪደንዳንት ነው (መጠባበቂያ አለው) እያለ ይቀጥላል። ብሬከሩም እንደዛው ነው፣ አንድ ፓወር ሰፕላይ ሙሉ ሲጫን በ220 ቮልት ወደ 12 አምፔር ይስባል፣ 3ቱ ባለ 32 አምፔር ፒዲዩ (ፓወር ማከፋፈያ) ላይ ቢሰኩ በሰላሙ ቀን ጭነቱ ለሁለት ስለሚካፈል 18 አካባቢ ነው የሚያሳየው ማንም አይደነግጥም፣ አንዱ መስመር ሲሄድ ግን 36 ይሆናል፣ ያኔ የቀረው ብሬከርም ሊወርድና ቻሲሱ ጭጭ ሊል ይችላል። ስለዚ ሪደንዳንት ነው ከማለት በፊት ስራ በማይበዛበት ሰዓት፣ ባክአፕ ተይዞ፣ አንዱን መስመር ሆን ብሎ ማጥፋት ነው፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ሰፈሩ ሙሉ መብራት ሲጠፋ ደግሞ 3 በ3 ብቻውን ምንም አያደርግም፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚይዘው ዩፒኤሱ ስለሆነ የሱን ባትሪም አብሮ መፈተሽ ያስፈልጋል።