«አንድ ያጣላል»፦ ሁለተኛው ጉርሻ ምን ይላል?

ሙሉ ቃሉ «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ በገበታ ዙሪያ ሙሉውን የሚናገር ሰው እምብዛም አይሰማም። አጉራሹ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከሰጠ በኋላ፣ ጎራሹ ገና አላምጦ ሳይጨርስ እጁን ወደ ትሪው መልሶ ሁለተኛውን እየጠቀለለ «አንድ ያጣላል» ይላል፤ ቀሪውን የአባባሉን ግማሽ እጁ ይጨርሰዋል። ቆጠራውን እስከ ሦስተኛው ጉርሻ የሚያደርሱም አሉ። የአነጋገሩ ልብ ግን ከአንድ ወደ ሁለት በሚደረገው በዚያ አጭር ጉዞ ውስጥ ይገኛል፤ ይህ ጽሑፍም የሚመለከተው ያንን ጉዞ ነው።

አስቀድሞ ቃሉን መመልከት ይገባል። ጉርሻ «ጎረሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ከዚሁ ግስ «ጉርስ» ይወጣል፤ ሰው ለመኖር የሚያስፈልገውን ሁሉ አሳጥረን «የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ» ስንል ምግብን በሙሉ የምንወክለው አፍ በምትችለው በአንዲት ቁራሽ ነው። ግሱ ራሱ ደግሞ ከገበታ ርቆ ተጉዟል፤ ወፍጮ እህል ይጎርሳል፣ ጠመንጃም ጥይት ይጎርሳል። በከተማ ደግሞ ለአስተናጋጅ ከሒሳቡ በላይ የሚተውለት ገንዘብ ጉርሻ ተብሏል። ይህ የመጨረሻው አጠቃቀም ቃሉን በሚገባ የተረዳ ይመስለኛል፤ ጉርሻ ምንጊዜም ከሒሳብ በላይ የሚሰጥ ነገር ነውና። ከአንድ ትሪ አብሮ የሚበላ ሰው የራሱ እጅ አለው፤ ሌላው ባያጎርሰውም ጾሙን አያድርም።

ከዚህ ቀጥሎ የሁለቱ ግሶች አሠራር ትኩረት ይሻል። አባባሉ «ያስጠላል» ወይም «ያስወድዳል» አላለም፤ «ያጣላል» እና «ያፋቅራል» አለ። አንድ ሰው ብቻውን ሊጠላ ይችላል፤ ብቻውን ግን ሊጣላ አይችልም። ብቻውን ሊያፈቅር ይችላል፤ ብቻውን ሊፋቀር ግን አይችልም። ሁለቱም ግሶች ቢያንስ ሁለት ሰዎችን የሚጠይቁ ናቸው፤ ስለዚህ አነጋገሩ የሚናገረው በአንዱ ልብ ውስጥ ስላለው ስሜት ሳይሆን በሁለቱ መካከል ስለሚሆነው ነገር ነው። ጉርሻው ራሱም እንደዚሁ በሁለት ሰዎች መካከል፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አፍ በሚያልፍበት ቅጽበት ብቻ ጉርሻ የሚሆን ነገር ነው፤ በትሪው ላይ ሳለ እንጀራና ወጥ ነበር።

አነጋገሩ የተወለደበትን ስፍራ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጥ፣ በአንድ ትሪ መብላትና በእጅ መቁረስ ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። እንጀራው በእርሾ ቦክቶ የሚጋገርና ለስላሳ ስለሆነ ወጡን ጠቅልሎ፣ ሳይፈስ፣ እስከ ሌላው አፍ ድረስ ይጓዛል። እጅ አስቀድሞ በማስታጠቢያ ይታጠባል፤ የሚያጎርሰውም ቀኝ እጅ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ታላላቆች ሲበሉ ልጆች ቆመው እጅ ያስታጥቡ፣ ውኃ ያቀርቡ፣ መብራት ይይዙ ነበር፤ ከገበታው የሚቀመጡት በኋላ ነው። ዶሮ ወጥ በቀረበበት የበዓል ቀን አሥራ ሁለቱ ብልቶች እንደየማዕረጉ ይደለደላሉ፤ በድልድሉ ውስጥ የቆመው ልጅ ድርሻ ከሁሉ ያነሰ ነው። ጉርሻ ግን ከድልድሉ ውጭ ነበር። አያት ወይም አባት በእንጀራ የተጠቀለለ ሥጋና ቁራጭ እንቁላል ይዘው ወደ ልጁ ሲዘረጉ፣ ልጁም ሁለት እጁን ከአገጩ ሥር ዘርግቶ ዝቅ ብሎ ሲቀበል፣ ማዕረጉ ሳይፈርስ ፍቅር በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ያ ልጅ የሥጋውን ጣዕም ሊረሳ ይችላል፤ ከዚያ ሁሉ ተመጋቢ መካከል እርሱ እንደታየ ግን አይረሳም።

አንዱ ጉርሻ ስለምን ያጣላል? ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ አንድ ጉርሻ የምግብ ፍላጎትን ቀስቅሶ ይተዋል፣ ስለዚህ ቅር ያሰኛል የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ አንዱ ለወግ፣ ሁለተኛው ለፍቅር ነው ይላሉ። ሁለቱም መልሶች እውነትነት አላቸው፤ እኔ ግን ከእነርሱ አልፎ የሚሄድ ነገር አነጋገሩ ውስጥ አያለሁ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው።

በእኛ ቤት ምግብ ላይ የደረሰ ሰው «እንብላ» ይባላል፤ እርሱም ቢርበው እንኳ «በልቻለሁ» ይላል። ባለቤቶቹ ቃሉን እንደ ቃል አይቀበሉትም፤ እንግዳውም እንደማይቀበሉት ያውቃል። የመጀመሪያውን ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ይቀበላል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ግን እጁን አንሥቶ «በቃኝ» የሚልበት ምክንያት አለው፤ ወጉን አድርሷልና። ልክ በዚህ ጊዜ «አንድ ያጣላል» ይባላል። አሁን እምቢታው ጨዋነት መሆኑ ይቀርና ከጠብ ጎን መቆም ይሆናል፤ አፍን መክፈት ደግሞ ስስት መሆኑ ቀርቶ ሰላም ማውረድ ይሆናል። የራበው ሰው መራቡን ሳይናገር ይበላል። አጉራሹም ሰውን ያስጨነቀ አይመስልም፤ ያስገደደው እርሱ ሳይሆን የአባቶች ቃል ነውና። ስድስት ቃል ብቻ ያለው አነጋገር ሁለት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከይሉኝታ ነጻ ያወጣል። በአንድ ጉርሻ ምክንያት የተጣላ ሰው አይቼ አላውቅም፤ አነጋገሩን የሚናገረውም ሆነ የሚሰማው ይህንን ያውቃል። ሰዎች ሲናገሩት የሚስቁት ስለዚህ ነው፤ ዛቻውን ማንም አይፈራውም፣ ሁሉም ግን ይታዘዘዋል።

ሁለተኛው ጉርሻ ከመጀመሪያው የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያውን ስንጠቀልል ስለ ጎራሹ የምናውቀው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም ፍቅራችንን በመጠን ለመግለጽ ስለምንሻ አፍ የማይችለው ትልቅ ይሆናል። ከዚያ ሲያላምጥ እናየዋለን። በርበሬው በዝቶበት ዓይኑ እንባ ካዘለ ሁለተኛውን በአይብ እናለዝበዋለን፤ ጥርሱ የደከመ ሽማግሌ ከሆነ ሥጋውን ትተን ፍትፍቱን እንጠቀልላለን፤ ሕፃን ከሆነ በጣታችን ጫፍ እናሳንሰዋለን። እንግዲህ ሁለተኛው ጉርሻ ያንን ሰው አይቶ የተሠራ ነው። ቃሉ ፍቅርን በሁለተኛው ላይ ማስቀመጡ በእኔ አስተያየት ትክክል ነው፤ አንዱ ቸርነት ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን የጎራሹን ፊት ማየትን ይጠይቃል።

የአነጋገሩ ብርታት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በለቅሶ ቤት ነው። ሐዘንተኛ ሰው እህል አይወርድለትም፤ መብላትም የሞተውን እንደ መርሳት ይመስለዋል። ጎረቤት ምግቡን ይዞ ይመጣና «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያለ ይለምነዋል፤ በገዛ ሞቱ እየማለ በሞት የተጎዳውን ሰው ወደ ሕይወት ይጎትተዋል። ሐዘንተኛው ስለ ለማኙ ብሎ አንድ ይጎርሳል። ከዚያ በለሆሳስ «አንድ ያጣላል» ይባላል፤ በዚያ ቤት የሚስቅ ባይኖርም ቃሉ በሰርግ ቤት ሲነገር ከነበረው ምንም አልተለወጠም። ሙሽሮች የሚጎራረሱበት ቃልና ሐዘንተኛ የሚጎርስበት ቃል አንድ መሆኑን ሳስብ ይህን አነጋገር የበለጠ እወደዋለሁ።

ቃሉ ከምግብ ውጭም ይሠራል። ጠላ ሲቀዳ፣ እንግዳው ብርጭቆውን በመዳፉ ሲከድን፣ አሁንም «አንድ ያጣላል» ይባላል። ተቃራኒ መስሎ የሚቆመው ጓደኛው «ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» የሚለው ነው፤ ያኛው ውለታ ስለመካድ ስለሆነ ሰው አዝኖ ይናገረዋል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ከሦስቱ በደስታ የሚነገረው «አንድ ያጣላል» ብቻ ነው።

ይህ አነጋገር ዝም ያለበትን ጊዜ በዕድሜያችን አይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ እጅ መጨባበጥና ከአንድ ገበታ መጎራረስ የሚያስፈሩ ነገሮች ሆኑ። እንጀራው በየሳህኑ ተከፋፈለ። በዚያ ዓመት በፋሲካ ዕለት ከገበታችን የጎደለው ምግብ አልነበረም፤ ሁሉም ጠግቦ ተነሥቷል። የጎደለው ያች የእጅ ጉዞ ነበረች፤ ልጆቹም ሳህናቸውን እንደያዙ የታላላቆቻቸውን እጅ በዓይናቸው ይከተሉ ነበር። እጅግ ትንሽ የሚመስለው ነገር ከቤታችን ምን ያህሉን ስፍራ ይዞ እንደነበር ያኔ ተረዳሁ።

ልጆች ይህን አነጋገር የሚማሩት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። አፋቸውን ከፍተው ሲቀበሉ ይሰሙታል፤ ከዚያም እጃቸው እንጀራ መቁረስ እንደቻለ መልሰው ይናገሩታል። የሕፃን ጉርሻ ቅርጽ የለውም፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይፈስሳል፣ ወጡ የጎራሹን አገጭ ይቀባል፣ አንዳንዴም በእንጀራው ፋንታ ጣቶቹ አፍ ውስጥ ይገባሉ። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ጎራሹ እስኪውጥ ድረስ አፍ አፉን ያያል፤ ከታላላቆች ብዙዎቻችን የዘነጋነውን ያንን ማየት እርሱ ገና አልዘነጋውም።

እናቴ ታማ በተኛችበት ወራት እህል አስጠልቷት ነበር። ሁላችንም ተራ በተራ ለመንናት፤ በሞቴም አልን፣ አፈር ስሆንም አልን፤ እርሷ ግን አንዱን ለእኛ ብላ ከጎረሰች በኋላ «በቃኝ ልጆቼ» እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳው ትመልስ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ የራሷን ሽሮ በሳህን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ወጣች። ትንሽ እንጀራ ቆርሳ ሽሮውን ነካ አደረገችና በአያቷ አፍ አኖረችው። እናቴ ቀስ ብላ እስክትውጥ ድረስ ዓይኗን ከአፏ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ «እማማ፣ አንድ ያጣላል እኮ!» አለች፤ ሁለተኛው በእጇ ተዘጋጅቶ ነበር። እናቴ አፏን ከፈተች። ቀጥላም በሚንቀጠቀጥ እጇ ከዚያው ሳህን ቆርሳ ሕፃኗን አጎረሰቻት፤ ሕፃኗም ጉንጯ እንደ ሞላ፣ መናገር ስላልቻለች፣ ሁለት ጣቷን አንሥታ አሳየቻት።