ስለ ጉቤት ወሽመጥ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በምዕራብ በኩል ተጨምቆ በሚያልቅበት ቦታ፣ ከጅቡቲ ከተማ ወደ አሳል ሐይቅ ሲሄዱ፣ ጥቁር ገደል ዙሪያውን የከበበው ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ይገኛል። ስሙ ጉቤት አል ኸራብ ሲሆን፣ በዐረብኛ የጥፋት ወይም የፍርስራሽ ወሽመጥ እንደ ማለት ነው። ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ ስለሆነና ከአፋር ስምጥ ሸለቆ ጋር ስለሚያያዝ፣ በአፋር ምድር በተንቀጠቀጠ ቁጥር የዚህ አካባቢ ነገር አብሮ ይነሣል፤ የሚነገረው ግን አብዛኛው የተዛባ ነው። የስሕተቶቹ ምንጭ በእኔ ግምት አንድ ነው፤ ሰው ቦታውን ሲያስብ ውኃውን እንጂ ድንጋዩን አይመለከትም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ማዕበል አለቱን እየቦረቦረ የሠራው ወሽመጥ ነው።»

በሌላው ዓለም እንዲህ ያሉ ወሽመጦች በእርግጥ አሉ። በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው ሉልወርዝ ለምሳሌ፣ ባሕሩ ጠንካራውን የኖራ ድንጋይ ግድግዳ ሰብሮ ከጀርባው ያለውን ለስላሳ አፈር በመብላቱ የተፈጠረ ነው። ጉቤትን ግን የሠራው ማዕበል ሳይሆን የመሬት መከፈት ነው። የዐረቢያ ምድር ከአፍሪካ እየራቀ በሄደ ጊዜ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተከፈተ፤ በዚያ ባሕር ወለል ላይ ያለው የመሰንጠቅ መስመር በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ታጁራ ደረሰ፤ ከታጁራም ጉቤትን አልፎ በአሳል በኩል ወደ የብስ ወጣ። መሬቱ በግራና በቀኝ ሲጎተት መካከሉ በትይዩ ስንጥቆች እየተቆረጠ ቁልቁል ሰመጠ፤ ባሕሩም የተዘጋጀለትን ጉድጓድ ሞላ። ከወሽመጡ ወደ አሳል የሚጓዝ ሰው በሁለቱም ወገን እንደ ደረጃ ተደራርበው የሚያያቸው የባዛልት ገደሎች የዚያ መስመጥ ጠርዞች ናቸው። የውቅያኖስ ወለል የሚወለድበት መስመር ከባሕር ወጥቶ በእግር የሚረገጥባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ከሁሉ የታወቀችው አይስላንድ ናት። ይህ ወሽመጥም ከእነዚያ ጥቂቶች ጋር የሚቆጠር በመሆኑ፣ ስሙ ከዚህ በላይ ሊታወቅ ይገባው ነበር እላለሁ።

«የእሳተ ገሞራ አፍ ነው» የሚሉም አሉ። በወሽመጡ ውስጥ እሳተ ገሞራ የሠራው ጉብታ መኖሩ እውነት ነው፤ የሰይጣን ደሴት እየተባለ የሚጠራው ጊኒ ኮማ፣ ቅልጥ አለት ከውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳና ሲደቅ የተከማቸ ኮረብታ ነው። ሆኖም ወሽመጡ ራሱ ክብ አፍ ሳይሆን በስንጥቆች መካከል የሰመጠ ገንዳ ነው።

«ወለል የለውም፤ አጋንንት ያድሩበታል።»

ይህን እምነት የአካባቢው ሰዎች ከአባቶቻቸው የተረከቡት በመሆኑ በንቀት ሊታይ አይገባም፤ የተነሣበት ነገር በዓይን የሚታይ ነውና። ጉቤት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኘው በጠባብና ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ መተላለፊያ ብቻ ነው። ባሕሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር ያ ሁሉ ውኃ በዚያ በር ለመግባትና ለመውጣት ስለሚሽቀዳደም፣ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ የውኃው ገጽ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል፤ ትንሽ ጀልባንም ይዞ ይሄዳል። ከመተላለፊያው ወደ ውስጥ ሲገባ ወለሉ ድንገት ወደ 200 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጥልቅ ነው፣ ነገር ግን ወለል አለው፤ ተለክቷልም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በታጁራ አካባቢ ብቅ የሚለው ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣም ቢሆን በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን የሚመገብ እንጂ ሰው የሚበላ ፍጥረት አይደለም።

«የአሳል ጨው የጥንት ባሕር ቅሬታ ነው።»

ከሁሉም ይልቅ ሊብራራ የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ቦታዎች በስም መመሳሰል ምክንያት ይምታታሉ። በኢትዮጵያ ደናክል፣ በዳሎል አጠገብ ያለው አሳሌ ሲሆን፣ በጅቡቲ፣ ከጉቤት ጀርባ ያለው አሳል ነው። አሞሌ ተጠርቦ በግመል ቅፍለት የሚወጣበት የአሳሌ ጨው፣ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ደናክል ገብቶ ከዋናው ባሕር ከተቆረጠ በኋላ ተንኖ የተወው ነው፤ ስለዚህ «የባሕር ቅሬታ» የሚለው ቃል ለእርሱ ይስማማል። የአሳል ታሪክ ግን ሌላ ነው። አገሩ ዝናባማ በነበረበት ዘመን፣ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት፣ አሳል ዛሬ ካለበት እጅግ ከፍ ብሎ የተንጣለለ ጨው አልባ ሐይቅ ነበር፤ በዙሪያው ባሉ ተዳፋቶች ላይ የሚታዩት ነጫጭ የደለል ንጣፎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ዝናቡ ሲቀር ሐይቁ ወረደ፤ አሁን ገጹ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ሲሆን፣ በአፍሪካ ከሁሉ ዝቅተኛው ሥፍራ ነው። ዛሬ በዋናነት የሚመግበው ከጉቤት የሚመጣው የባሕር ውኃ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የባዛልት መሬት ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ከመሆኑም በላይ በስንጥቅ የተሞላ ስለሆነ፣ ውኃው በእነዚያ ስንጥቆች ሰርጎ በመንገዱ ከታች ባለው ትኩስ አለት ይሞቅና በሐይቁ ዳር በፍል ውኃ ምንጭነት ይወጣል። ፀሐዩ ውኃውን ይወስደዋል፣ ጨው ይቀራል፤ የሐይቁ ጨዋማነት ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ገደማ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ይህ ጨው የድሮ ባሕር ሳይሆን የዛሬ ባሕር ነው፤ አሁንም እየተሠራ ያለ ነው።

«ባሕሩ በቅርቡ በጉቤት በኩል ኢትዮጵያ ይገባል።»

ይህ ወሬ በተለይ በመስከረም 2005 በኢትዮጵያ አፋር፣ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከተሰነጠቀ ወዲህ በርትቷል። መጀመሪያ ነገር፣ ያ ስንጥቅ ከቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው የመሰንጠቅ መስመር አካል ሲሆን፣ ጉቤት ያለው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚመጣው መስመር ላይ ነው፤ ሁለቱ በአፋር ቢቀራረቡም አንድ መስመር አይደሉም። ሁለተኛ፣ በጉቤትና በአሳል መሬቱ የሚከፈተው በአማካይ በዓመት 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አማካይ ማለት ግን በየዓመቱ እኩል ማለት አይደለም። በኅዳር 1978 ከተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በወሽመጡና በሐይቁ መካከል የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አንድ ሳምንት ያህል ቅልጥ አለት ሲያፈስ፣ ሸለቆው በዚያ አጭር ጊዜ 2 ሜትር ገደማ ሰፋ፣ መካከሉም 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ መጎተት በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ የሆነ ነው።

መሬቱን የሚከፍተው ኃይል በሩን የሚዘጋውንም ድንጋይ ያወጣል። ወሽመጡን ከአሳል የሚለየው ግድብ በየጊዜው የፈሰሰው ቅልጥ አለት የሠራው ሲሆን፣ የ1978ቱም ፍሳሽ በዚያው ላይ ተጨምሯል። ግድቡ አንድ ቀን ቢሰበር እንኳ ባሕሩ የሚሞላው የአሳልን ጉድጓድ ነው፤ ከአሳል ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲኬድ መሬቱ እንደገና ከባሕር ጠለል በላይ ስለሚወጣ፣ ውኃው በዚያ አቅጣጫ የሚሄድበት ቁልቁለት የለም። በኢትዮጵያ ከባሕር ጠለል በታች ያለው ሰፊ ዝቅተኛ ምድር የሚገኘው በሰሜን፣ በደናክል ሲሆን፣ እርሱ የሚጎራበተው ቀይ ባሕርን እንጂ ጉቤትን አይደለም።